አፌ ቀድሞኝ ዘለለ

እሑድ፣ 3/4/2016 በፈረንጅ

ይሄን ደብተር የያዝኩት ሰው አልሰማኝ ስላለ ነው። ትናንት ሻባት ከወጣ በኋላ ስለ ወረቀቱ ለአምሳለች ማስረዳት ጀመርኩ። ገና መግቢያው ላይ ነኝ። «ለደብተር ንገረው» አለችኝ ሚስቴ፤ «ደብተር ጥሎህ አይሄድም።» ብድግ ብላ ጓዳ ገባች። በሰደር፣ እሺ። ይኸው ደብተር።

ወረቀቱ የመጣው ከጻቫ ነው፣ ከእስራኤል ጦር። ልጄ ኢታማር ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይጨርስና ኦገስት ላይ ይገባል። እሱ የሚፈልገው ጻንሐኒም ነው፤ ከአውሮፕላን የሚዘሉትን፣ ቀይ ቆብ የሚያደርጉትን። ለወላጆቹ አንድ የሆነ ልጅ ደግሞ አባትም እናትም ካልፈረሙለት ተዋጊ ክፍል አይገባም። «ቤን ያሒድ» ይላል ወረቀቱ። አንድዬ ልጅ። ይበል። እስከ ጁን 15 ድረስ ፈርማችሁ አምጡ ይላል።

አልፈርምም። ጨረስኩ።

ማክሰኞ፣ 5/4

አልጨረስኩም።

ለኢታማር አሥራ አንድ ምክንያት አዘጋጀሁለት። ባለፈው ዓመት ፖሊስ ለሚደበድባቸው ልጆቻችን ብዬ ሰልፍ ወጥቼ ድምፄ ሳምንት ሙሉ ጠፍቶ እንደነበር አስታወስኩት። ዩኒፎርሙን ለብሶ ሲሄድ «ወንድሜ» የሚለው ሰው፣ ያወለቀው ቀን መንገድ ላይ አቁሞ መታወቂያ ይጠይቀዋል። ለዚህ ነው ልጄን የምሰጠው? ስድስተኛው ላይ ስደርስ «አባ፣ ዳይ» አለኝ። በቃህ ማለቱ ነው። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሱ በዕብራይስጥ ይመልሳል። አፉን ከፈታ ጀምሮ እንዲህ ነው የኖርነው።

ቆይቶ በረንዳ ላይ ለጓደኛው በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «አባቴ ስለ ሁሉም ነገር ያወራል፣ ሁሉንም ነገር ይፈራል።»

የማልሰማ መሰለው? ዕብራይስጥ ማንም አላስተማረኝም። ከካርቶን ላይ ጽሑፍ እየለቀምኩ ነው የተማርኩት። አማርኛ ፊደልም ያው ነው፤ አዲስ አበባ የእስራኤል ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ጉዞ ስንጠብቅ፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ። አሥር ወር ሙሉ። ጭኔ ላይ ቁጭ ብላ በጣቷ

ይሄን ለምን አመጣሁት። ነገ ሥራ አለ።

ሐሙስ፣ 7/4

እኔ የምሠራው ኪርያት ማታሎን ነው፣ የጠርሙስ ክዳን ፋብሪካ። ዘንድሮ ሃያ ዓመቴ። ዛሬ ምሳ ላይ ስለ ጻንሐኒም ወሬ ተነሳ። እውነቱን ለመናገር ያነሳሁት እኔ ነኝ። «ከአውሮፕላን መውደቅ ምን ጀግንነት አለው?» አልኩ። «የሽንኩርት ጆንያም ከላይ ቢለቁት ይወርዳል። እኔም ብሆን ዘልዬ የምሳ ሰዓት ሳያልቅ እመለሳለሁ!»

የሠራተኛ ኮሚቴዋ ሞራን ሹካዋን አስቀመጠች። «ቢያድግልኝ፣ የምርህን ነው? ትዘላለህ?»

«ነገ!»

ጋሼ ታረቀ አጠገቤ ነበሩ። በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው፣ ጡረታቸው ደርሷል፣ ቃል ይቆጥባሉ። ክርኔን ያዝ አድርገው «ብላ» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ 19/4

ጉድ ነው የሆንኩት።

ለፔሳሕ፣ ለፋሲካችን፣ ዋዜማ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ሰው ሰብስቦ ብርጭቆ ያነሳል፣ ለቆዩ ሠራተኞች ስጦታ ይሰጣል። ሃያ የሞላን ሁለት ነን። ለመጋዘኑ ሰውዬ ኤላት ሆቴል፣ ሁለት ሌሊት ከነቁርሱ። ለእኔ ፖስታ። ከፈትኩት። ከአስዘላይ ጋር ታስሮ ከአውሮፕላን መዝለያ ካርድ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ። ሞራን በማይክራፎን «ቃሉን ለሚያከብር ሰው!» አለች። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ አፏጨ።

ለሱ ሆቴል፣ ለእኔ ገደል። ከሃያ ዓመት በኋላ!

ጋሼ ታረቀ ወደ አውቶቡስ ስንሄድ «አፍህ ቀድሞህ ዘሏል፤ እንግዲህ ተከተለው» አሉኝ።

አምሳለች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ኢታማር ግን አልሳቀም። «አትዘልም» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«አባ፣ አንተ ሊፍት ውስጥ ዓይንህን ትጨፍናለህ።»

እጨፍናለሁ። ግን የሚያየኝ ያለ አይመስለኝም ነበር።

እሑድ፣ 24/4

ፋብሪካው ለበዓሉ ተዘግቷል። በፔሳሕ ዳቦ ስለማይበላ ቤቱ ድንች በድንች ነው። አንድ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። አየር ጭብጥ አይሞላም፤ ሰውን የሚያህል ነገር እንዴት ይይዛል? የሱቅ ላስቲክ አራት ቦታ በክር አሰርኩና ድንች አንጠለጠልኩበት፣ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳችን ለቀቅሁት። እንደ ድንጋይ ወርዶ መኪና ጣራ ላይ ጧ!

ወይዘሮ ደባሽ ከሁለተኛ ፎቅ ብቅ አሉ። «ኧረ ቢያድግልኝ! ሰፈራችን ሃዳር ጋኒም ላይ ድንች መዝነብ ጀመረ እንዴ?»

ኢታማር ድምፁን ሰምቶ ወጣ። ላስቲኩን ተቀበለኝና አናቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በሳ። አየሩ በመሀል ካላለፈ በጎን እየፈሰሰ ያንገላታዋል አለኝ። ለቀቅነው። ወይ ጉድ! ዘንበል ሳይል ቀስ ብሎ ወረደ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ስድስት ጊዜ ለቀቅን። እሱ ይሮጣል፣ ያመጣል፣ እኔ እለቃለሁ። እንደገና እሱ ይለቃል፣ እኔ አያለሁ።

ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል አልተነሳም።

እሑድ፣ 1/5

አራት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይወጣሉ። ጃንጥላው ሳይከፈት ሃምሳ ሰከንድ ይወድቃሉ። ዛሬ በሰዓት ያዝኩ። በሃምሳ ሰከንድ ውስጥ የእኔ ማሽን ሦስት መቶ ክዳን ይተፋል። ሃምሳ ሰከንድ ቀላል አይምሰልህ፣ ብዙ ነው። ሰው ብዙ ነገር ያስባል። ወይስ አያስብም? ይሄን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ደግሞ ኢታማር ሆድ አይገለበጥም ይላል። ለምን አይገለበጥም? በአውቶቡስ ቁልቁለት ስንወርድ የሚገለበጥ ሆድ ከሰማይ ሲወርድ ምን ነክቶት ይተኛል? አውሮፕላኑ ቀድሞውንም ስለሚሮጥ ነው አለኝ፤ ከቆመ ነገር ላይ አይደለም የምትወድቀው። ሲያስረዳ እጁን ያወናጭፋል። እኔን ነው የሚመስለው። ለሰው ግን አልናገርም።

ረቡዕ፣ 11/5

የወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ ቀን። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ማለቴ በፈረንጅ ጠዋት 11:00፣ ሳይረኑ ጮኸ። ማሽኑ ቆመ። ሁላችን ቆምን። ሁለት ደቂቃ።

ሁለት ደቂቃ ሙሉ ስለ ኢታማር አሰብኩ ብዬ ልጽፍ ነበር። አላሰብኩም። ስለ ሌላ ነገር ነው ያሰብኩት። ለዚያኛው ሐዘን ሳይረን የለውም።

አልፈርምም።

ማክሰኞ፣ 17/5

አምሳለች ፈርማለች!

ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነው የተገኘው። የሷ ፊርማ ቁጭ ብሏል።

«መቼ ነው?»

«በፔሳሕ። እናንተ ድንች ስትጥሉ።»

«ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ ትናገራለህ።»

«እንዴ፣ ያለን አንድ ልጅ ነው!»

«አንድ አትበል።» ድምጿ ዝቅ ብሎ ነው የወጣው። ከዚያ ልብስ ማጠቢያውን ከፈተች፣ ልብሱን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። «እኔ አጥብቄ አዝዬ ነበር። ማጥበቅ ቢያድን ኖሮ» አለች። አልጨረሰችውም።

እኔም ወረቀቱን እንደገና ገለጥኩ።

ከፊርማው በላይ ያሉትን ሣጥኖች ኢታማር ራሱ ሞልቷቸዋል። የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ አድራሻ። የወንድምና የእህት ስም የሚለው ላይ በእስኪርብቶ ሰረዝ አድርጓል። ልጁ ምን ያድርግ። የሚያውቀውን ነው የጻፈው።

እሑድ፣ 22/5

ከሰፈሩ ማእከል ደወሉልኝ። በዘጠና አንድ በዚያ በአንድ ቀን ተኩል የአውሮፕላን ዘመቻ ከአዲስ አበባ የመጣነው ሃያ አምስት ዓመት ሞላን፣ ድግስ አለ፣ ተናጋሪ ያስፈልገናል፣ ካንተ የተሻለ አፍ ያለው የለም አሉ።

አይመቸኝም አልኩ።

የደወለችልኝ ልጅ «ታመሃል እንዴ?» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ 24/5

አምሳለች ዛሬም ዳቦ ጋግራ ደረጃው ላይ ለጎረቤት ልጆች አከፋፈለች። በየዓመቱ በዚህ ሳምንት ታደርገዋለች። ኢታማር ከትምህርት ቤት ሲገባ ቁራሽ አንስቶ «ለምንድን ነው?» አላት። «ለልጆች ነው» አለች።

እኔ ጋሼ ታረቀ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ታረቀ ሁሉን ያውቃሉ፤ ጉዳዩን አያነሱም። ካርታ ተጫወትን። ሦስት ጊዜ አሸነፉኝ። ካርታውን ሰበሰቡና «ያ መዝለል መቼ ነው?» አሉኝ።

«ዓርብ ሳምንት። ግን ልቀር እችላለሁ፣ ወገቤን…»

«እኔ ነኝ በመኪናዬ የምወስድህ» አሉ። ወገቤን ሳልጨርሰው ቀረ።

ሐሙስ፣ 2/6

ነገ። መብላት አልቻልኩም። ኢታማር «ከፈራህ እኮ ችግር የለውም» አለኝ። ለሰው እንዲህ ይባላል? አሁን የግድ ነው።

ግን ያ ሃምሳ ሰከንድ። ምን ይሆን?

ዓርብ፣ 3/6፣ ከሰዓት

ከመጀመሪያው ልጀምር።

አምሳለች በር ላይ ሹራብ ሰጠችኝ። በጁን! «ላይ ይበርዳል» አለች። ጋሼ ታረቀ እኔንና ኢታማርን ይዘው ወጡ። ከሐደራ ከተማ አልፈን ወደ ላይ፣ ባሕሩ በግራ። ነጭ መረብ የለበሰ የሙዝ እርሻ፣ የዓሣ ኩሬ፣ ከዚያ አሸዋ። ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል።

መጀመሪያ ወረቀት ሰጡኝ። ልብህ፣ ደም ግፊትህ፣ ወገብህ። ብሞት ማንንም አልከስም። ሳላነብ ፈረምኩ። ሦስት ቦታ። ጋሼ ታረቀ ከጎኔ ቆመው ያያሉ። «ፊርማ እንዲህ ይቀልሃል እንዴ?» አሉ። ሰማሁ፤ አልሰማሁም።

አስዘላዩ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ ሠላሳ የማይሞላው ሰው ነው። ማሰሪያውን አለበሰኝ። ከትከሻ ይወርዳል፣ በጭን ሥር ይዞራል፣ ደረት ላይ ይጠብቃል። ስቦ ሲያጠብቀው ቆም አልኩ። ይሄን ነገር የት ነው የማውቀው? ቆይ፣ ቆይ። አንቀልባ! ቆዳው ናይለን ሆነ እንጂ ያው አንቀልባ ነው። እናት ከጀርባዋ ታዝላለች፣ ይሄ ከፊቱ ነው የሚያዝለኝ። ሃምሳ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝ፣ ዛሬ ታዘልኩ።

አውሮፕላኑ ወንበር የለውም። ወለሉ ላይ አስቀመጡን፣ አንዱ በአንዱ ጭን መሀል። ሳቅ መጣብኝ። «ከዚህ በፊት በርረሃል?» አለኝ አስዘላዩ፣ እየጮኸ።

«አንድ ጊዜ። እሱም ወንበር አልነበረውም።»

«ከየት?»

«ከአዲስ አበባ፣ ወደዚህ።»

ትንሽ አሰበ። «ያኔ እስከ መሬት አድርሰውሃል። ዛሬ መንገድ ላይ ነው የምንወርደው።»

እኔ ራሴ ብሆን ከዚህ የተሻለ አልልም ነበር።

ያኔ ወለሉ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን ነበር። አምሳለች ከፊቴ ነበረች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። አንቀልባውን እንደታጠቀች ነው የተሳፈረችው፣ ባዶውን። አንድ ወታደር መጥቶ በእጁ አንቀልባውን እያሳየ አንድ ነገር ጠየቃት። ቋንቋውን አላወቅነውም፤ ጥያቄውን ግን ገባን። ፍቺው ያላት የለም። እኔም አላልኳትም። ታጥቃው እንደነበረች ወረደች።

በቃ።

በሩ ተከፈተ። ብርዱ ገባ። የአምሳለች ሹራብ! አስዘላዩ ከኋላዬ አራት ቦታ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገኝና እየገፋ ወደ በሩ ወሰደኝ። እግሬ ውጪ ተንጠለጠለ። ባሕሩ ከታች ሰማያዊ፣ ዳርዳሩ ላይ ነጭ ክር። ጆሮዬ ውስጥ «አዎ ወይስ አይደለም? አይደለም ካልክ ከፓይለቱ ጋር እንወርዳለን፣ ነውር የለውም» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። «አይ፣ በአፍህ» አለ። «እኔ አዎ አልልልህም። የሚዘለው ራሱ ነው የሚለው።»

አፌን ብፈልገው የለም። ሃያ አምስት ዓመት ያላረፈ አፍ!

«ኬን» አልኩ፤ አዎ።

ወጣን።

ኢታማር ልክ ነው፣ ሆድ አይገለበጥም። ይሄ ውድቀት የሚባል ነገር አይደለም። አየሩ እንደ ፍራሽ ከሥር ይዞ ይደልቅሃል፣ የተሞላ፣ ሻካራ ነው። ያ እጅ የማይሞላው አየር! ለመጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉን መልሶ ጉሮሮዬ ውስጥ ወተፈብኝ። ጉንጬ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሰኘኝ። ሰው ያስባል ወይ ብዬ ነበር። አያስብም። ያያል። ሁሉን ነገር በአንድ ላይ ያያል፤ ባሕሩን፣ የሙዙን መረብ፣ መንገዱን፣ እንደ ክዳን የሚያበሩትን መኪናዎች።

ከዚያ ጃንጥላው ጎተተን። ጸጥ አለ።

እንዲህ ያለ ጸጥታ አላውቅም። ጫማዬ ከባሕሩ በላይ ተንጠልጥሏል። ንፋሱ ቀስ ብሎ ያወዛውዘናል፣ የታዘለ ልጅ እንደሚወዛወዘው። አንድ ስም ጠራሁ። የማንን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም።

«ምን አልክ?» አለኝ አስዘላዩ።

«ምንም።»

አሸዋው ላይ በቂጤ ነው ያረፍኩት። ኢታማር እየሮጠ መጥቶ ሲያቅፈኝ አስዘላዩ ገና ከኋላዬ አልተፈታም። ሦስታችንም ተያይዘን ወደቅን። «አባ፣ አልጮህክም! ከታች ሆኜ ሳዳምጥ ነበር!» ይላል። ፊቱ ረጥቧል። ወበቁ ነው።

ፈሪው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሱም ለካ ታች ቆሞ ፈርቷል።

በመንገድ ላይ ስለ ፊርማው ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀኝም። ሐደራ ሳንደርስ ትከሻዬ ላይ ተኛ።

እሑድ፣ 5/6

የፋብሪካው ምግብ ቤት ፀጥ ብሎ ጠበቀኝ። ሞራን «እሺ! ንገረን!» አለች። ያላ፣ ያላ፣ ቶሎ በል ይላሉ ሁሉም።

«ጥሩ ነው» አልኩ። በላሁ።

ሞራን ወደ ጋሼ ታረቀ ዞራ «ምን አደረጉት?» አለቻቸው። «ጃንጥላው ተከፈተለት፣ አፉ ተዘጋ» አሉ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ሰኞ፣ 13/6

የሳምንታት በዓል አለፈ። ሁለት ቀን ቀረ። «የሚዘለው ራሱ ነው የሚለው።» ይሄ አፍንጫው የተላጠ ልጅ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

አምሳለችን «ብንነግረውስ?» አልኳት። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። የያዘችውን ፎጣ አጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጠፈች። «አንተ ትችላለህ?» አለችኝ።

ሃያ አምስት ዓመት ሰው ሁሉ «ሌላ ሰው አታስወራም» ሲለኝ፣ እሷ ትችላለህ ወይ ትላለች።

ረቡዕ፣ 15/6

ከኢታማር ጋር የጻቫው ቢሮ ሄድን። መስኮቱ ጋ አንዲት ወታደር፣ ሕፃን ናት፣ ጥፍሯን ሐምራዊ ቀብታለች። ወረቀቱን ገለጠችልኝ። «እዚህ ጋ ነው።»

እስኪርብቶውን ያዝኩ። ከፊርማው በፊት ወደ ላይ ወጣሁ። የወንድምና የእህት ስም። ሰረዙ ላይ በአማርኛ ፊደል ጻፍኩ፦ እንጉዳይ። በዕብራይስጥ መጻፍ አቅቶኝ አይደለም። ያን ፊደል ጭኔ ላይ ሆና በጣቷ ስትከተል ነው የተማርኩት፤ ሌላ ፊደል አታውቅም።

ከዚያ ወደ ታች ወረድኩና ፈረምኩ። አንድ ቦታ።

ወታደሯ አንገቷን አጣመመች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ስም ነው» አልኳት።

«እህት ካለችው እኮ ይሄ ወረቀት አያስፈልገውም።»

«ያስፈልገዋል» አልኩ። አየችኝ። ሌላ አልጠየቀችም፣ ማህተሙን መታች።

ኢታማር አማርኛ ማንበብ አይችልም፣ ወታደሯ ያለችውን ግን ሰምቷል። ፌርማታው ላይ ደረስን። ጥላው ሥር ተቀመጥን። እጁን ጉልበቱ መሀል ከትቶ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ቀና ብሎ በአማርኛ፣ በእናቱ በጎንደሩ አማርኛ፣ «አባዬ፣ ይች ልጅ ማን ናት?» አለኝ።

አፌን ብፈልገው የለም። እንደ አውሮፕላኑ በር ላይ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ይሄ ደግሞ ራስ በመነቅነቅ አይሆንም።

«እንጉዳይ፣ እህትህ» አልኩት። «ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነበር፤ አዲስ አበባ ቀበርናት።»

አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ። አሳለፍነው። የሚቀጥለውንም አሳለፍነው።